ነጯን መኪና ስሸጥ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

መኪናዋ ልትሸጥ ነው። ውሳኔው የተላለፈው ትናንት፣ በገዛ ሳሎኔ፣ በገዛ ወንበሮቼ ላይ ተቀምጠው ነው። እኔ የተጠየቅኩት መጨረሻ ላይ ነበር፤ ሁሉም ተነጋግሮ ካበቃ በኋላ "እርስዎስ ምን ይላሉ?" እንደሚባል የሩቅ ዘመድ።

የጀመረችው ልጄ ናት። "አባዬ፣ አሁን ጡረታ ላይ ነህ። የት ትሄድባታለህ? ቆማ ታረጅብሃለች እኮ።" ቆሞ የሚያረጀው ሌላ ሰው መሆኑን ከፊቷ ማንበብ ይቻል ነበር። ባሏ ተቀበላት። ይህን ሰው በልቤ አቋራጭ ነው የምለው፤ ለማንኛውም ነገር አጭር መንገድ አያጣም። ባንክ ቤት ነው የሚሠራው፤ ሰው ሲያናግር ጣቶቹን ጠረጴዛ ላይ ይደረድራል። "አባባ፣ ጨረታ ነው የሚሻለው። አስገብተን በአንድ ጠዋት እንገላገላለን" አለ። እንገላገላለን። መኪናዬ ምን እንዳደረገችው አላውቅም።

ሚስቴ ሳህን ታነሳ ነበር።

እሺ አልኩ። ተሸንፌ አይደለም። መለዋወጫው ተወድዷል፤ ነዳጁም እንደዚያው። ግን ጨረታ የሚባል ነገር እንዳልሰማ አልኳቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት በመድን ድርጅት የመኪና ጉዳት ገማች ሆኜ ሠርቻለሁ። የተጨፈለቀ መኪና መጨረሻው የት እንደሆነ አውቃለሁ። ነጋዴዎቹ ከበር ውጭ ይሰበሰቡና "ይቺን አንተ ውሰድ፣ ያቺን ለእኔ ተው" ይባባላሉ፤ ከዚያ እንደማይተዋወቅ ሰው ፊታቸውን አዙረው ይቀመጣሉ፤ እጁን የሚያወጣው አንዱ ብቻ ነው። የእኔ መኪና አስከሬን አይደለችም። የሚገዛት ሰው በሬን አንኳኩቶ፣ ጠይቆ፣ ነድቶ ይግዛት።

ስለ ግቢው በር ምሰሶ ማንም አላነሳም። ማንሳትም አያስፈልግም ነበር። ምሰሶው ድሮም ዘንበል ያለ ነው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

ልጄ ለማስታወቂያው ፎቶ ልታነሳ መጣች። መኪናዋን ከጠዋት ጀምሮ አጥቤ ጠብቄያታለሁ። ከግራ አነሳቻት። ከፊት ለፊት፣ ወደ ግራ ጠጋ ብላ አነሳቻት። ከኋላም ወደ ግራ ጠጋ ብላ አነሳቻት። "ቀኝ ጎን የላትም እንዴ?" ብላት "ብርሃኑ አይመችም አባዬ" አለች። የሒሳብ አስተማሪ ነች። ስለ ብርሃን ከመቼ ወዲህ እንዳወቀች አልጠየቅኳትም።

ጽሑፉን እኔ ነኝ ያስጻፍኳት፦ "ነጭ የቤት አውቶሞቢል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በአንድ ሰው እጅ የቆየች። ሞተሯ ያልተነካ። ጭረት የሌላት።" እኔ ተናግሬ ከጨረስኩ በኋላም ጣቷ ስልኩ ላይ ይሄድ ነበር። አንብቢልኝ አላልኳትም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 8

ስልክ። ስልክ። ስልክ።

"የመጨረሻ ዋጋው ስንት ነው?" ሰላምታ የለ፣ እገሌ ነኝ የለ። የመጀመሪያውን ሳይሰሙ የመጨረሻውን ይጠይቃሉ።

አንዱ በሶፋ እንለዋወጥ አለኝ። "ሰባት ሰው ያስቀምጣል ጋሼ፣ ላስቲኩ ራሱ አልተነሳለትም።"

አንዷ ቀለሟ ምንድን ነው አለችኝ። ነጭ አልኳት። "ነጭ ነጭ ነው ወይስ ወተት የመሰለ?" ስልኩን ዘጋሁ።

አንድ ደላላ፣ አፉ ቅቤ፣ "አባቴ፣ እርስዎ በዚህ ዕድሜዎ አይንገላቱ፣ ለእኔ ይተዉት" አለኝ። ሦስት ጊዜ ዘጋሁበት። አራተኛውን በሌላ ቁጥር ደወለ። በዚህ ትጋቱ ትምህርት ቢማርበት ኖሮ ዛሬ እኔን አያስቸግረኝም ነበር።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

አንድ ሰውዬ መካኒክ ይዞ መጣ። መካኒክ ያልኩት ራሱን እንደዚያ ስለሚጠራ ነው። ሞተሩን ሳያስከፍት ላሜራውን በጣቱ ማንኳኳት ጀመረ፤ ሐብሐብ የሚመርጥ ነው የሚመስለው። በግራ በኩል ፈጠን ፈጠን እያለ አለፈ። ቀኝ ጎን ሲደርስ ቆመ።

"ተገጭቶ በስቱኮ የተሞላ ነው ይሄ" አለ።

"ኧረ?" አለ ገዢው።

"በሩም ስቱኮ ነው። ስፖኪዮዋም ተቀይራለች። የኋላውን ደግሞ ተመልከተው፣ ትኩስ ነው፤ ገና ዝገት እንኳ አልያዘም።"

ዋጋ ለማውረድ መሆኑን አጣሁት? እኔ ይህን ጨዋታ እሱ ሳይወለድ ተጫውቼ ትቼዋለሁ። ማስታወቂያው ጭረት የሌላት ይላል ብላቸው ገዢው ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። "አንዳንድ ጭረቶች ያሏት" ይላል። ሁለቱንም ከግቢዬ አስወጣኋቸው። በሩን ስዘጋ ገዢው "ሽማግሌው በጆሮው ነው እንዴ የሚነዳት?" ሲል ሰማሁት። ጆሮዬ ደኅና ነው።

ከሄዱ በኋላ ተንበርክኬ አየኋት። ያለ መነጽር ጋዜጣ የማነብ ሰው ነኝ፤ ካየሁ አያመልጠኝም። አራት ጭረት፣ አንድ ጎድጓዳ። ሁለቱ በምሰሶው ቁመት ልክ ናቸው። አንዱ በጎረቤቴ መኪና ቁመት። አራተኛውን አላውቀውም። ስፖኪዮውን ያስቀየረችው ሚስቴ ናት፤ አምና "ሌባ ሰብሮት ነው" ብላኝ ነበር። ሰብሮ ሳይወስድ የሚሄድ ሌባ።

ጭረቶቹ ሁሉም ከፊት ወደ ኋላ የተጎተቱ ናቸው። ከፊት ወደ ኋላ የሄደ ጭረት መኪናዋ ስትነዳ እንጂ ቆማ እንደማይመጣ ለአዲስ ገማቾች አስተምር ነበር። ዛሬ ደክሞኛል።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

ሚስቴ በእግር መሄድ ወዳለች። ደረጃ ስትወጣ ጉልበቷን የምትይዝ ሴት ዛሬ እህቷ ዘንድ በእግሯ ሄደች። ላድርስሽ ብላት "አየሩ ደስ ይላል፣ ትንሽ ልንሸራሸር" አለች። ዝናብ እየዘነበ ነበር።

እንዲያውም ይሻላል። አብራኝ ስትሄድ አፏ አያርፍም። "በቀኝህ ሰው አለ። ቀስ። ብስክሌት። ቆሟል፣ ቆሟል። አሁን እለፍ።" ኳስ ጨዋታ የምታስተላልፍ ነበር የምትመስለው። አንድ ቀን "ዓይን የለኝም እንዴ?" ብያት ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ አልተሳፈረችም። ይህን ያህል የሚያስቀይም ምን እንደተናገርኩ አይገባኝም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

ዛሬ ሰው መጣ። ሰው ስል እውነተኛ ሰው ማለቴ ነው። ነርስ ነች፣ አርባ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ከሥራ የምትወጣው አውቶቡስ ሲጠፋ ስለሆነ መኪና ያስፈልጋታል። ላሜራ አላንኳኳችም። ዘይቱን የት እንደማስለውጥ ጠየቀችኝ፣ የተለወጠበትን ቀን የምጽፍበትን ደብተር ሳሳያት አገላብጣ አነበበችው። ቀኝ ጎኗን አየች፤ አለፈችው። ጥሩ ዋጋ ሰጠች። ከምጠብቀው በላይ ነበር፤ ፊቴ ላይ አላሳየሁም።

"ለምንድን ነው የሚሸጧት?" አለችኝ።

"ጡረታ ወጣሁ።"

"ጡረታ የወጣ ሰው እኮ ነው በደንብ የሚዞርባት።"

ሻይ ጠጪ አልኳት። ሚስቴ ለካ ትሪውን ይዛ ከጎኔ ቆማ ኖሯል፤ ዞር ስል ክንዴ መታውና ብርጭቆዎቹ ወለሉ ላይ ረገፉ። ተሰርቆ የሚመጣ ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ መጣሁ አይባልም? ነርሷ ስብርባሪውን ከሚስቴ ጋር አብራ ለቀመች። እየለቀመች ወለሉን ትታ እኔን ታየኝ ነበር። ይህ አመሏ ብቻ ደስ አላለኝም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ነድታ ልትሞክራት ትመጣለች።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19

አቋራጭ ደወለ። "አባባ፣ የጨረታው ግቢ ቅዳሜ ቅዳሜ ይሸጣል፤ ኮሚሽናቸውም ትንሽ ነው። ማንም ቤትዎ አይመጣ፣ ማንም አይጠይቅዎት።" ገዢ አግኝቻለሁ አልኩትና ዘጋሁ። ድምፁ ውስጥ ያለችውን ትዕግሥት እጠላታለሁ። ለሕፃን የሚሰጥ ትዕግሥት ነች።

ገበያ ስሄድ ሦስት ሰው ገፋኝ። ድሮ ሰው ፊት ለፊት ይመጣ ነበር፤ የዘንድሮው ሕዝብ ከጎን ነው የሚበቅለው። አንዷ "ኧረ አባት፣ ይዩ እንጂ" አለችኝ። እሷ ናት የገፋችኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 23

ነርሷ መጣች። ልንዳት አለች። መጀመሪያ እኔ ላሳይሽ አልኩ።

ሰው ገጨሁ።

በሕይወት አለች። እጇ ነው።

አሁን አልችልም።

እሑድ፣ ጥቅምት 24

ገማች ስለነበርኩ እንደ ገማች ልጻፈው።

ነርሷ ቁልፉን እንድሰጣት እጇን ዘርግታ ነበር። የማላውቀው ሰው መኪናዬን ሲነዳት ማየት አልፈለግኩም። ከግቢ ወጣን፣ ዋናውን መንገድ ይዘን እስከ አደባባዩ ሄድን። መንገዱ ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። ማርሽ ስቀይር እንዴት እንደማይሰማ እያሳየኋት ነበር። ከአደባባዩ ወጥቼ ወደ ቀኝ ታጠፍኩ። ፍሬቻ አሳይቻለሁ። ፍጥነቴ ዝቅተኛ ነበር።

"ይቁሙ" አለች ነርሷ። አልጮኸችም።

የሰማሁት የቆርቆሮ ድምፅ ነው። የመንገድ ጠራጊ ነበረች፤ ጋሪዋን እየገፋች የመንገዱን ጠርዝ ይዛ። ጋሪው ተገለበጠ፣ እሷ በእጇ ላይ ወደቀች። ስወርድ ጋሪው ውስጥ የነበረው ቅጠል ሁሉ ጎማዬ ሥር ነበር። ብርቱካናማ የሚያንጸባርቅ ሰደርያ ለብሳለች። እንዲህ ያለ ልብስ ለምን እንደሚሰፋ ማንም ያውቃል። ከሩቅ፣ ከጭጋግ ውስጥ እንኳ እንዲታይ ነው። እኔ ከአንድ ክንድ ርቀት አላየሁትም።

ነርሷ ተንበርክካ እጇን ያዘችላት፣ በሻርፗ አሰረችላት። የትራፊክ ፖሊሱ መጣ።

"አላዩአትም?"

"ከየት እንደመጣች አላየሁም" አልኩት።

ይቺን አረፍተ ነገር ሠላሳ አንድ ዓመት ሰምቻታለሁ። ሹፌር በሹፌር ላይ እየተደረደረ፣ ቆብ እያሻሸ፣ ላብ እየጠረገ፣ ያቺኑ ሲነግረኝ ኖሯል። እኔም በቀይ ብዕር "ተቀባይነት የሌለው ሰበብ" እያልኩ ስጽፍበት ኖሬያለሁ። ዓይን ያወጡ ውሸታሞች ይመስሉኝ ነበር። አብዛኞቹ እንደዚያው ነበሩ። አንዳንዶቹ ግን እንዴት እንደነበሩ አሁን የማጣራበት መንገድ የለም።

ፖሊሱ መንጃ ፈቃዴን ወሰደ። መኪናዋን ነርሷ ነዳቻት፤ መጀመሪያ ጠራጊዋን ወደ ሕክምና፣ ቀጥላ እኔን ወደ ቤት። በደንብ ትነዳለች። ቤት ስንደርስ ሞተሩን አጠፋችና "አባት፣ ባለፈው ትሪውንም አላዩትም ነበር" አለችኝ። "ዓይንዎን ይታዩ። የዳር ዳሩን።"

እኔ ያለ መነጽር አነባለሁ አልኳት።

"ማንበብ ሌላ ነው" አለች።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 26

ጠራጊዋ ቤት ሄድኩ። አቋራጭ ነው ያደረሰኝ፤ መኪና ውስጥ አንድም አጭር መንገድ አልጠቆመኝም፣ ይህን እመዘግብለታለሁ።

አንድ ክፍል ነው ያላት፤ አልጋው በመጋረጃ ተከልሏል። የእጅ አንጓዋ ተሰብሯል፤ እስከ ክርኗ በጀሶ ታስሯል። የሕክምናውን እኔ እንደምሸፍን ነገርኳት። "ልጅዎ ጨርሳዋለች" አለችኝ። ልጄ አልነገረችኝም። እንግዲህ ይኸው ነው፣ በዚህ ቤተሰብ ሁሉም ነገር ከጀርባዬ ነው የሚያልቀው።

ምን ልበላት? ይቅርታ አልኳት። ቃሉ አፌ ውስጥ ጠጠር ሆነብኝ፤ ብዙ አልለመድኩትም።

"እኔ እኮ አይቼዎት ነበር" አለች።

"አይተሽኝ ነበር?"

"ከአደባባዩ ሲወጡ። ፊትዎ ወደ እኔ ነበር። ፍሬቻም አሳዩ። አይተውኛል፣ ይቆማሉ ብዬ ነው ጋሪዬን ያልሳብኩት።" ደግሞ ጨመረች፦ "ሰደርያውን የሰጡን ጊዜ፣ ከእንግዲህ ማንም አላየሁም አይላችሁም ብለውን ነበር።"

አልቀለደችም። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ደስ ይለኝ ነበር፤ የሚቆጣ ሰው ምን እንደሚደረግ አውቃለሁ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 28

የዓይን ሐኪም። ከልጄ ታንሳለች፤ ጫማዋ ለስፖርት የሚደረግ ዓይነት ነው። ፊደል አስነበበችኝ፤ እስከ መጨረሻው መስመር አነበብኩላት። አሁንስ በሚል አየኋት። ሌላ ክፍል ወሰደችኝ።

እዚያ ከውስጥ ነጭ የሆነ፣ ትልቅ ጎድጓዳ ሳህን የመሰለ ማሽን አለ። አገጬን አስደግፌ መሐሉን እንዳይ ታዘዝኩ፤ አንድ ዓይኔ ተሸፈነ። "በየቦታው ትንሽ ብርሃን ብልጭ ይላል። ባዩ ቁጥር ይህቺን ቁልፍ ይጫኗት።" ብልጭ አለ፣ ተጫንኩ። ብልጭ አለ፣ ተጫንኩ። ከዚያ ምንም የለም። ጠበቅኩ። መቼም የዘንድሮ ዕቃ እንዲህ ነው፤ ውድ ነው፣ ይቆማል።

"ማሽናችሁ ቆሟል" አልኳት።

"አልቆመም አባባ። እየሠራ ነው።"

ጠበቅኩ። አንገቴ አመመኝ።

"አሁንም እየሠራ ነው?"

"እየሠራ ነው።"

ከዚያ በኋላ አልጠየቅኩም።

ወረቀቱን አወጣችልኝ። ሁለት ክብ፤ መሐላቸው ነጭ፣ ዙሪያቸው ጥቁር፣ የቀኙ ዓይን በተለይ ከዳር እስከ መሐል የተበላ። "ጥቁሩ የማያዩት ቦታ ነው" አለች። ለእኔ እኮ ምንም ጥቁር ነገር አይታየኝም አልኳት። "አይታይም። ጭንቅላታችን በዙሪያው ባለው ይሞላዋል፤ ባዶ መንገድ ያለ ይመስላል። ሕመም የለው፣ ምን የለው። ለዚህ ነው ሰው ሳያውቀው የሚቆየው።" ግላኮማ ይባላል። ያለውን ለማቆየት ጠብታ አለ፤ የሄደው አይመለስም።

"ይነዳሉ?"

"መኪናዬን እየሸጥኩ ነው።"

"እሱን አልጠየቅኩዎትም።"

ባለጌ ነች። ሥራዋን ግን ታውቃለች።

ዓርብ፣ ጥቅምት 29

ሚስቴ ጠብታውን ልታደርግልኝ ጭንቅላቴን ወደ ኋላ ያዘች። በዚያ ሁኔታ ሆኖ መቆጣት አይቻልም፤ ሳትመርጠው አልቀረችም።

"ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?"

"ሁለት ዓመት ይሆነዋል። የእህቴ ልጅ ሠርግ ላይ ሙሽራዋ እጇን ስትዘረጋልህ አልፈሃት ሄድክ።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

ሁለተኛውን ዓይን ጨረሰች።

"ነግሬህ ነበር" አለች። "በየመንገዱ ነበር የምነግርህ።"

ፎጣውን ሰጥታኝ ወጣች። ስፖኪዮውን ስለ ሰበረው ሌባ ልጠይቃት ነበር። ተውኩት። ሌባውን የፈጠረችው ለእኔ ብላ ነው፤ እኔ ደግሞ ስለ ሌባው ሞኝነት እየጻፍኩ እስቅ ነበር። ይህን ደብተር ማንም ባያገኘው እመርጣለሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

ነርሷ ደወለች። መኪናዋን አሁንም እፈልጋታለሁ አለች። የፊቷን ቀኝ ለማስጠገን ብቻ ትንሽ ቀንሳ፣ ቀሪውን በዚያው ዋጋ። "ደግሞ ዓይንዎን ታዩ?" አለችኝ። ታይቻለሁ አልኳት። "ምን አሉዎት?" ደኅና ነው አልኳት።

መኪናዋን አልሸጥልሽም፣ ተሸጣለች አልኳት።

ለልጄ "ነርሷ ዋጋ ሰብራለች፤ ጨረታ ይሻላል" ብዬ ነገርኳት። ባሏ ስልኩን ተቀብሎ "ጥሩ ወሰኑ አባባ" አለ። በእጄ ብሸጣት ከማገኘው ያነሰ እንደማገኝ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። የባንክ ሰው ነው፣ ልዩነቱን በጣቱ ጠረጴዛው ላይ ሳይደረድር አልቀረም፤ አላነሳውም።

እዚህ ላይ እውነቱን ልጻፍ፣ ማንም ስለማያነበው። ነርሷ መኪናዋን ከወሰደች በየመንገዱ አገኛታለሁ፤ ባገኘኋት ቁጥር ዓይኔን ትጠይቀኛለች። ጨረታ ላይ የሚጠይቅ የለም። ሠላሳ አንድ ዓመት የናቅኩት ቦታ የሄድኩት ለመደበቅ ነው። የተጨፈለቀ ሁሉ የሚሄድበት ነው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 5

ልጄ ነድታ ግቢው አስገባቻት። ቀጥ አድርጋ አይደለም የምትነዳው፣ መሪውን እንደ ወንፊት ታናውጠዋለች።

መዝጋቢው የሁኔታ መግለጫ የሚባል ወረቀት ሰጠኝ፤ ባለቤቱ ነው የሚሞላው። ከፊቴ የነበረው ሰው፣ ጣሪያው እንደ ቆርቆሮ ጣሳ የታጠፈ መኪና ይዞ፣ "ደኅና ናት" ብሎ ፈርሞ ሄደ። እኔ ሙሉ ገጽ ጻፍኩ፣ ጀርባውንም ጨመርኩ። የቀኝ የፊት ክንፍ፣ ስቱኮ፣ በቅርቡ ዳግም የተገጨ። የቀኝ በር፣ ስቱኮ። የኋላው ጎድጓዳ፣ ያልተጠገነ። መብራት፣ ሊብሬ፣ የሞተሩ ሁኔታ፣ የመጨረሻው ዘይት። መዝጋቢው አንብቦ "አባት፣ ይህን ያህል መጻፍ አያስፈልግም፣ ማንም አያነበውም" አለኝ። ማንም ባያነበው እኔ አንብቤዋለሁ አልኩት። ትከሻውን ነቀነቀ። ሥራቸውን እንዲህ ነው የሚሠሩት።

የሽያጭ ምክንያት የሚል መስመር የለውም። ሁለት ጊዜ ፈለግኩት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

ሁሉም እንደጠበቅኩት ነበር። ነጋዴዎቹ ከበሩ ውጭ ተሰብስበው ሲጋራ ያጨሳሉ፤ አንዱ የመኪናዎቹን ዝርዝር ይዞ በብዕር ያከፋፍላል። እኔን ሲያዩ ዝም አሉ። ጋሼ እዚህ ምን ይሠራሉ ያለኝ ከድሮ ደንበኞቼ አንዱ ነው፤ ፀጉሩ ሸብቷል፣ ሌብነቱ አልሸበተም። ገዢ ነኝ አልኩት።

አጫራቹ እንደ ማሽን ይናገራል። የእኔ ተራ አሥራ አንደኛ ነበር። "ነጭ የቤት አውቶሞቢል፣ በአንድ ሰው እጅ የቆየች፣ ቀኝ ጎኗ የተጎዳ።" መነሻ ዋጋዋን ጠራ። ሽበታሙ እጁን አወጣ። ሌሎቹ ጫማቸውን ያያሉ። አጫራቹ አንድ ጊዜ ደገመ። ሁለተኛ ሊደግም ሲል ከኋላ አንድ ሰው እጁን አወጣ። ዳቦ አከፋፋይ ነው፤ ከትከሻው እስከ ክንዱ ዱቄት፤ ሕጋቸውን የማያውቅ መሆኑ ያስታውቃል። ነጋዴዎቹ በሙሉ ዞረው አዩት፣ ሳይጠራ ሠርግ የመጣ ሰው እንደሚታየው። ሽበታሙ ጨመረ። ዱቄታሙ ጨመረ። ሽበታሙ ተሳደበና ተቀመጠ። ከብዙ ሳምንት ወዲህ የተደሰትኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ነርሷ ከሰጠችው ያነሰ ነው። ቢሆንም።

ወረቀቱን ተፈራርመን ስንወጣ ዱቄታሙ ቁልፉን መልሶ ዘረጋልኝ። "አባቴ፣ እስከ በሩ እርስዎ ቢያወጡልኝ። ግቢው ጠባብ ነው፣ ማርሿንም አላወቅኳትም። እነዚህ ሰዎች ፊት እንዳልዋረድ።"

"አልችልም" አልኩት።

አቋራጭ ጣልቃ ገባ። "አባባ ትንሽ ደክሟቸው…"

"አልደከመኝም" አልኩ። "አላይም። ከጎን የሚመጣውን አላይም። በዚህችው መኪና አንዲት ሴት ገጭቻለሁ።"

ጮክ ብዬ ሳልናገር አልቀረሁም፤ ነጋዴዎቹ ዞር አሉ። አቋራጭ መሬት መሬት ያይ ነበር። ዱቄታሙ መኪናዋን አየ፣ ቀኝ ጎኗን አየ፣ እኔን አየ። ብሩን መልስልኝ የሚል መሰለኝ፤ ቢለኝም አልፈርድበትም ነበር።

"ተረፈች?" አለ።

"እጇ ተሰብሯል። ትድናለች።"

"እግዜር ይመስገን።" ቁልፉን ኪሱ ከተተ። "እንግዲያው አጠገቤ ይቀመጡና ማርሿን ይንገሩኝ።"

ከሹፌሩ ጎን ተቀመጥኩ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ አላውቅም፤ ጠባብ ነው፤ ሚስቴ እንዴት ጉልበቷን ታጥፍ እንደነበር አላውቅም። ሰውዬው ፍሪሲዮን አያያዙ ያስጠላል። እግሩን በአንድ ጊዜ ይለቀዋል። ሁለት ጊዜ አጠፋት፣ ነጋዴዎቹ ሳቁ። "ቀስ ብለህ ልቀቀው፣ ቀስ" አልኩት። በሦስተኛው ተንቀሳቀሰች። ሸሚዜ ሁሉ ዱቄት ሆነ።

ከበሩ ውጭ አወረደኝ። አመሰገነኝ፣ እጄን በሁለት እጁ ያዘ፣ ሄደ። መገንጠያው ላይ ፍሬቻ አላሳየም። ልጮኽበት አፌን ከፈትኩ፤ ግን ወደ ቀኝ ነበር የታጠፈው፣ አንገቴን እስካዞር መንገዱ ባዶ ነበር።